ከአማቶች ጋራ በጣርማ በር መንገድ

በበዓል ዕረፍት የሚስቱን ወላጆች በአውቶሞቢል ይዞ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው መንገዱንም ልባቸውንም መጠበቅ ይገባዋል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ እስካለው እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ጉዞው በአብዛኛው በደጋ ሜዳ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ጉም የማይለየው ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ መንገዱም በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተፈለፈለውን ዋሻ አልፎ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል።

በዚህ ቁልቁለት የሚስቱ እናት ሆዳቸው ቢታወክም ይሉኝታ ይዞአቸው «አቁምልኝ» አይሉም። ዝምታቸውን እንደ ደስታ የሚቈጥር አማች ይሳሳታል። ስለዚህ እርሳቸውን ከፊት ወንበር ያስቀምጥ፤ ሳይጠየቅም እየቆመ ያሳርፋቸው፤ ለብርዱ ጋቢ አይርሳ። ደብረ ሲና ሲደርሱም የታወቀውን ቆሎዋን ገዝቶ ያቅርብላቸው። ልጃቸውን የሰጡ ወላጆች የአማቻቸውን ጠባይ የሚመረምሩት እንዲህ ባለው መንገድ ላይ ነውና።