አሮጌ ፒክአፕ ዳገት ላይ ለምን ይፈላል?

የተከበራችሁ አባቶችና የሰበካ ጉባኤ አባላት፤ ከአራት ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚወጣ አሮጌ ፒክአፕ መንገድ ላይ ሲፈላ፣ ብዙዎቻችን «ሞተሩ አበቃለት» ብለን እንፈርዳለን። ጥፋቱ ግን የራዲያተሩ ክዳን ብቻ ሊሆን ይችላል።

በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል፤ የሞተሩ የሥራ ሙቀትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ላስቲክ ሲደርቅ ወይም ሲሰነጠቅ ግፊቱ ያመልጣል፤ ሞተሩ ዳገት ላይ ሲበረታበትም ውኃው ይፈላል።

ስለዚህ መኪናው ይቁም፤ ሞተሩም ይጥፋ። ፈጽሞ ሳይበርድ ክዳኑ አይከፈት፤ ታፍኖ የቆየው እንፋሎት ፊትና እጅ ያቃጥላልና። ከበረደ በኋላ የክዳኑ ላስቲክና ስፕሪንግ፣ የራዲያተሩ ጎማዎችና ቺንጋው ይመርመሩ። አዲስ ክዳን ሲገዛም የግፊት ቁጥሩ ለመኪናው ከተወሰነው ጋር አንድ ይሁን።

ክዳኑ ተለውጦም ውኃው መጉደሉን ካላቆመ፣ ነጭ ጭስ ከበዛ፣ ወይም የሞተሩ ዘይት ወተት ከመሰለ፣ የቴስታታው ጋስኬት ተበላሽቶ ይሆናልና መኪናው ሳይነዳ ለባለሙያ ይታይ። እየፈላ የሚነዳ መኪና ቴስታታው ሊጣመም ይችላል፤ ያን ጊዜ በአንድ ክዳን ዋጋ ይፈታ የነበረው ችግር የሰበካውን ካዝና ያራቁታል።