ባለቤቱ ሲወጣ የሚቆም ሱቅ

መርካቶ ውስጥ ያለ አንድ የጅምላ ሱቅ ጠዋት ተከፍቷል፤ ሠራተኞቹም በቦታቸው አሉ። ባለቤቱ ግን ለጉምሩክ ጉዳይ ቃሊቲ ወርዷል። በዚሁ ሰዓት ደላላ ከክፍለ ሀገር የመጣ ገዥ ይዞ ይገባና የ200 ካርቶን ሳሙና ዋጋ ይጠይቃል። ሻጩ ዋጋውን ያውቃል፤ ለብዛት ስንት መቀነስ እንደሚችል ግን አልተነገረውም። ባለቤቱ ጋ ቢደወልም ስልኩ አይነሳም። ገዥው ዕቃውን አስጭኖ ማታውኑ መንገድ መግባት ይፈልጋልና ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሻገራል።

እንዲህ ያለው ነገር ለብዙ ነጋዴዎች አዲስ አይደለም። አዲስ የሚሆነው የኪሳራው ሒሳብ ነው። ሠራተኛ የሰወረው 10 ካርቶን በቆጠራ ይደረስበታል። ወሳኝ ሰው በመጥፋቱ ሳይሸጥ የቀረው 200 ካርቶን ግን በየትኛውም መዝገብ አይሰፍርም። በመሆኑም ነጋዴው የሚያየውን ትንሽ ጉዳት ሲጠብቅ የማያየው ትልቅ ጉዳት ያመልጠዋል።

ባለቤቶች ሥልጣን ለማካፈል መፍራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ገንዘቡ የራሳቸው ነው፤ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ፣ አምነው የተጎዱም ጥቂት አይደሉም። ይሁንና ሁሉንም ነገር በአንድ ኪስ መያዝ ቁጥጥር አይባልም። ቁጥጥር የሚባለው ባለቤቱ በሌለበትም የሚሠራው ነው።

ሥልጣን በልክ

ጥሩው መነሻ አንድ ደብተር ነው። ባለቤቱ ለአንድ ሳምንት ሠራተኞች የሚጠይቁትን ሁሉ ይመዝግብ። ከዚያም ጥያቄዎቹን በሦስት ይክፈላቸው፦ እርሱ ብቻ የሚወስነው፣ ሠራተኛው ወስኖ የሚያሳውቀው፣ ሠራተኛው ወስኖ የሚጨርሰው። ዱቤ መስጠትና ትልቅ ግዢ ከባለቤቱ ላይወጡ ይችላሉ። የዋጋ ቅናሽ ግን ወለሉ ተቆርጦ ለሻጩ ሊሰጥ ይችላል፤ ለምሳሌ እስከ 50 ካርቶን በካርቶን 5 ብር፣ ከዚያ በላይ 10 ብር ተብሎ በጽሑፍ ቢቀመጥ ሻጩ ስልክ ሳይጠብቅ ይዋዋላል።

ሥልጣን ሲሰጥ ሥራው መለያየት አለበት። የሚሸጠው፣ ገንዘብ የሚቀበለውና ከመጋዘን ዕቃ የሚያወጣው አንድ ሰው ከሆነ ፈተናውን ባለቤቱ ራሱ አዘጋጀው ማለት ነው። ሦስቱ በተለያየ እጅ ሲሆኑ ደረሰኙ፣ ጥሬ ገንዘቡና የዕቃ ማውጫው ማታ ይተያያሉ፤ ልዩነት ካለ በዕለቱ ይታወቃል። በየሳምንቱ ጥቂት ዓይነት ዕቃዎችን ሳይናገሩ መቁጠር ደግሞ ታማኙንም ከሐሜት ያድነዋል።

“ማን?” ሳይሆን “ለምን?”

ልዩነት ሲገኝ የሚከተለው ጥያቄ ወሳኝ ነው። ከጃፓን ፋብሪካዎች፣ በተለይም ከቶዮታ ጋር ስሙ የሚነሳው የካይዘን አሠራር ኃላፊው ሥራው ካለበት ቦታ ሄዶ የችግሩን ምክንያት እንዲፈልግ ያስተምራል። አሠራሩ በኢትዮጵያ በጃፓን ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ከተሞከረ በኋላ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። ትምህርቱ ለሱቅም ይሆናል። የተሳሳተ ዕቃ ተጭኖ ቢሄድ ምክንያቱ ተመሳሳይ ካርቶኖች ጎን ለጎን መደርደራቸው ሊሆን ይችላል። መደርደሪያውን መለየት ከጩኸት ይረክሳል። ከዚህም በላይ፣ በተጮኸበት ሱቅ ሠራተኛ ስህተቱን ይደብቃል፤ የተደበቀ ስህተት ደግሞ ወለድ እንዳለው ዕዳ ነው።

ይህ ማለት ግን ጥፋት ሁሉ ይታለፍ ማለት አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የተፈረመ የጽሑፍ መግለጫ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ሠራተኛ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት በማርፈዱ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ለማሰናበትም ስለ ማርፈዱ አስቀድሞ በጽሑፍ መገሠጹ ያስፈልጋል። አሠሪው የስንብቱን ምክንያት ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀናት ካሳለፈ ደግሞ በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱ ይቀራል። በቃል ሲቆጣ የከረመ ነጋዴ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ባዶ እጁን የሚቀርበው በዚህ ምክንያት ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ሸክሙን ማከፋፈል የሚፈልግ ባለቤት በሁለት ቀን ዕረፍት ይጀምር። በሁለቱ ቀናት የሚመጣለት እያንዳንዱ ስልክ ገና ያልተሰጠ ሥልጣን ወይም ያልተጻፈ መመሪያ መኖሩን ይነግረዋል። ያንን ጽፎ በሚቀጥለው ወር እንደገና ይውጣ፤ ስልኩ የሚጠራው ያነሰ ጊዜ ከሆነ ሱቁ መሥራት ጀምሯል።