ደንበኛ የመሰከረለት ዕቃ

የገዛ ዕቃውን የሚያመሰግን ሻጭ በየገበያው ሞልቷል። ገዢውም ይህን ስለሚያውቅ ሻጩ ሲናገር በግማሽ ጆሮው ይሰማል፤ ዳሩ ግን ያንኑ ዕቃ ገዝቶ የተጠቀመበት ጎረቤቱ አንድ ቃል ቢነግረው ገንዘቡን ይዞ ይመጣል። ከዚህም የተነሣ ነጋዴዎች የደንበኞቻቸውን ምስክርነት በማስታወቂያ ማውጣት ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗል። ይሁን እንጂ የደንበኛ ቃል ከሰው የተበደሩት ሀብት ነውና አያያዙ ጥንቃቄን ይጠይቃል።

በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ሊን በምትባል ከተማ፣ ወይዘሮ ሊዲያ ፒንካም የተባሉ የቤት እመቤት ከዕፀዋት የሚያዘጋጁትን የሴቶች መድኃኒት ለጎረቤቶቻቸው በነጻ ይሰጡ ነበር። የባለቤታቸው ሀብት እ.ኤ.አ. በ1873 በደረሰው የገንዘብ ቀውስ ስለ ጠፋ፣ ቤተሰቡ በ1875 መድኃኒቱን በጠርሙስ እያደረገ መሸጥ ጀመረ። ቈይቶም የወይዘሮዋ ሥዕል በማስታወቂያው ላይ ታተመ፤ ሴቶችም ሁሉ ሕመማቸውን ለወይዘሮ ፒንካም እንዲጽፉ ተጋበዙ፤ ደብዳቤያቸውንም ወንድ እንደማያየው ቃል ተገባላቸው። በዚያ ዘመን ብዙ ሴት ገመናዋን ለወንድ ሐኪም ማስረዳት ታፍር ስለ ነበር ደብዳቤው ጎረፈ። «ዳንሁ» የሚሉትም እየተመረጡ በየጋዜጣው ወጡ።

ወይዘሮ ሊዲያ በ1883 ሞቱ። ግብዣው ግን አልተቋረጠም። በ1905 ሌዲስ ሆም ጆርናል የተባለው የሴቶች መጽሔት የመቃብራቸውን ድንጋይ ፎቶግራፍ አትሞ ለአንባቢዎቹ አሳየ። ድርጅቱ በበኩሉ ወይዘሮ ፒንካም የተባሉት የሟቿ ምራት ናቸው ሲል ተከራከረ። ስሙስ በእርግጥ የምራቲቱም ስም ነበር፤ ሥዕሉ ግን የማን ነበር?

ሌላም ነገር አለ። በመድኃኒቱ ውስጥ ከመቶ 18 ያህል አልኮል ነበረበት፤ ይህም ከጠጅ የበረታ ነው። ስለዚህ «ስጠጣው ቀለል አለኝ» ብላ የጻፈችው ሴት አልዋሸችም፤ ቀለል ያላት ግን ከሕመሟ ስለ ዳነች ላይሆን ይችላል። በ1906 የወጣው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ሕግ የአልኮሉ መጠን በጠርሙሱ ላይ እንዲጻፍ አስገደደ። ድርጅቱ በዚህ ሁሉ አልተዘጋም፤ ለብዙ ዓመታትም ሸጧል። የተበደለችው በቅን ልቡና ጽፋ ቃሏ ለማታለያ የዋለባት ደንበኛ ናት።

እንግዲህ የደንበኛ ምስክርነት የሚያምርበት ገዢው በዐይኑ አይቶ ሊለካው በሚችለው ዕቃ ላይ ነው። ከመርካቶ ቆርቆሮ ገዝቶ ቤቱን የከደነ ሰው «በጣም ጥሩ ቆርቆሮ ነው» ቢል ምንም አልተናገረም። «ሦስት ክረምት አለፈበት፤ ምስማር ከተመታበት ቦታ በቀር ዝገት አላየሁበትም» ቢል ግን ሌላው ገዢ የሚፈልገውን ነገረው። ስለ ምስማሩ የተናገረው ነቀፌታም ምስጋናውን እንዲታመን ያደርገዋል፤ ይህንንም ቆርጦ የሚያስቀር ባለ ሱቅ የሚጎዳው ራሱን ነው። ቡና ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴም እንደዚሁ፣ ገዢው «የደረሰኝ ቡና አስቀድሞ ከተላከልኝ ናሙና ጋር አንድ ነው» ብሎ የጻፈለት አንድ መስመር ከብዙ ውዳሴ ይበልጥበታል፤ አዲስ ገዢ የሚፈራው ይህንኑ ነውና።

ደብዳቤው ከነቀኑ በፋይል ሊቀመጥ፣ ለማተምም የደንበኛው ፈቃድ በጽሑፍ ሊጠየቅ ይገባል። ጸሐፊዎች የደንበኛን አማርኛ ለማሳመር ይቸኩላሉ፤ ውጤቱም ዐሥር ደንበኞች በአንድ ብዕር የጻፉ መስሎ ይታያል። ለምስክሩ ገንዘብ ወይም ቅናሽ ተሰጥቶት እንደ ሆነ ይህም ይገለጥ። በአገራችን በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ማስታወቂያ አሳሳች እንዳይሆን አዝዟል፤ በአሜሪካም የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 የሐሰት የደንበኛ ምስክርነትን የሚከለክል ደንብ አውጥቷል። ነጋዴው ሕጉን ሳይጠብቅ በሱቁ መስኮት የተለጠፉትን ቃሎች በየጊዜው ቢመረምር መልካም ነው፤ ዕቃው ከተለወጠ፣ ወይም ደንበኛው ፈቃዱን ካነሣ፣ ወረቀቱ በዚያው ዕለት ይነሣ።