ጉብታን ሾልኮ ማለፍና የሁለት ወገን እኩልነት

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር በማለዳ ወደ ከብት በረት የገባ ሰው አፍንጫውን የሚሰነፍጠው አሞኒያ የተባለው ጋዝ ነው። ለበቆሎ የተበተነ ዩሪያም አፈር ካልተመለሰበት ከፊሉ በዚሁ ጋዝ መልክ ይተናል። በዚህ ሐተታ የምንመለከተው ግን በእያንዳንዱ የአሞኒያ ሞለኪውል ውስጥ የሚደረገውን መተላለፍ ነው።

በሞለኪውሉ ውስጥ ሦስት ሃይድሮጂኖች እንደ ጉልቻ በሦስት ማዕዘን ይቀመጣሉ፤ አንዱ ናይትሮጂን ከእነርሱ በላይ ወይም በታች ይሆናል። በሁለቱ ስፍራዎች መካከል የኃይል ጉብታ አለ። ናይትሮጂኑ ጉብታውን የሚወጣበት ኃይል የለውም፤ ሆኖም በኳንተም ሕግ መሠረት ሾልኮ ያልፋል። ይህን ዓይነቱን መተላለፍ ጀርመናዊው ሊቅ ፍሪድሪኽ ሁንድ በ1927 እ.ኤ.አ. አስረድቷል።

ሾልኮ ማለፉ አንዱን የኃይል ደረጃ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ክፍተቱ በሰፋ መጠን ምልልሱ ይፈጥናል። አሞኒያ በሰከንድ 24 ቢሊዮን ጊዜ ያህል ይመላለሳል። ስለዚህ ደርሶ መልሱ 42፣ ወደ ማዶ መድረሱ ብቻ 21 ፒኮሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ ፒኮሰከንድ ማለት የሰከንድ ትሪሊዮንኛ ክፍል ነው። በ1949 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተሠራው የመጀመሪያው የአቶም ሰዓት የተመሠረተው በዚህ ምት ላይ ነበር።

ጊዜውን የሚወስነው የጉብታው ቁመትና ውፍረት ብቻ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን የሁለቱ ወገን እኩልነትም ወሳኝ ነው። ይህን ለመረዳት በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል ላላ ተደርጎ በታሰረ ገመድ ላይ እኩል የሚመዝኑ ሁለት ድንጋዮች በእኩል ርዝመት እናንጠልጥል። አንዱን ብናወዛውዘው ውዝዋዜው ቀስ በቀስ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ጸጥ ይላል፤ ኋላም ይመለስለታል። ርዝመታቸውን ብናበላልጥ ግን ውዝዋዜው በከፊል ብቻ ተሻግሮ ቶሎ ይመለሳል።

አሞኒያም እንዲሁ ነው። በኤሌክትሪክ መስክ የአንዱን ወገን ኃይል ዝቅ አድርገን ልዩነቱን ከቀደመው ክፍተት ጋር እኩል ብናደርገው፣ ደርሶ መልሱ ከ42 ወደ 30 ፒኮሰከንድ ያጥራል፤ ናይትሮጂኑ በማዶ የመገኘቱ ዕድል ግን ከ50 በመቶ አይበልጥም። ልዩነቱ እጅግ ሲበዛ ከነበረበት አይነቃነቅም ለማለት ይቻላል።

እንግዲህ አለመመጣጠን ምልልሱን ያፋጥናል፤ መሻገሩን ግን ያጎድላል። ስለዚህ «በስንት ጊዜ ያልፋል?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት «ሁለቱ ወገኖች እኩል ናቸውን?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።