ሳይተን የሚሞቅ አሟሚ

በጀበና የሚፈላ ቡና በኬሚስትሪ ዓይን ሲታይ፣ ትኩስ አሟሚ ከጠጣር ነገር ውስጥ ውሑዶችን የሚያወጣበት ሂደት ነው። የአካባቢ ብክለትን የሚያጠና ተመራማሪም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። የእርሱ ጠጣር ግን የእርሻ አፈር ነው፤ አሟሚው እንደ አሴቶን ያለ ፈሳሽ፣ የሚፈልገውም ለምሳሌ የዲዲቲ ቅሪት ነው። መርዙ ከአፈሩ ሳይወጣ ከቀረ፣ መለኪያው የቱንም ያህል ረቂቅ ቢሆን የተበከለውን ማሳ ንጹሕ ነው ይለናል።

ለዚህ ተግባር ለረጅም ዘመን ያገለገለው ጀርመናዊው ፍራንዝ ሶክስሌት በ1879 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የመስታወት መሣሪያ ነው። አሟሚው ፈልቶ ይተናል፤ ቀዝቅዞም በናሙናው ላይ ይንጠባጠባል። ይሁን እንጂ ናሙናውን የሚያጥበው ፈሳሽ ከነጥበ ፍሌቱ በላይ ሊሞቅ ስለማይችል፣ ሥራው አንድ ሙሉ ቀንና በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊ ሊትር አሟሚ ሊፈጅ ይችላል።

ነጥበ ፍሌት ግን ከግፊት ጋር ይለዋወጣል። በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚፈላው ውኃ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እንፋሎት አምቆ በሚያበስል ድስት ውስጥ ደግሞ ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ለገበያ የቀረበው አዲስ መሣሪያ የተመሠረተው በዚሁ ሕግ ላይ ነው። ደርቆ የተፈጨው ናሙና በጠንካራ የብረት ቱቦ ውስጥ ይታሸጋል። ፓምፕ አሟሚውን ያስገባና ግፊቱን ወደ 100 አትሞስፌር ያደርሰዋል፤ ምድጃም ቱቦውን እስከ 100 ዲግሪ ያሞቀዋል። በተለመደው ግፊት በ56 ዲግሪ የሚፈላው አሴቶን በዚህ ሁኔታ ሳይተን ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ንጹሕ አሟሚ ናሙናውን ያጥበዋል፤ ናይትሮጅን ጋዝም የቀረውን ገፍቶ ወደ ጠርሙስ ያስገባል። ሥራው በ20 ደቂቃ ገደማ ይጠናቀቃል።

ብዙ ተማሪዎች ግፊቱ መርዙን ጨምቆ የሚያወጣው ይመስላቸዋል። ዋናው ሠራተኛ ግን ሙቀት ነው። ሙቀት ሞለኪዩሎቹን ከአፈሩ ጋር ያጣበቀውን ኃይል ያሸንፋል፤ አሟሚውንም ያቀጥነዋል። ግፊቱ በአንጻሩ አሟሚው እንዳይተን ይጠብቃል፤ ወደ ጠባብ ቀዳዳዎችም እንዲዘልቅ ይረዳዋል። ሙቀት ሲበዛ አንዳንድ ውሑዶች ስለሚፈራርሱ ግን ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል።

መርዙ ተሟጦ መውጣቱን ለመፈተሽ ያንኑ ናሙና እንደገና ማጠብ አንዱ መንገድ ነው። ከአቦል በኋላ ቶናው ጣዕም ቢኖረው ጠጪው ደስ ይለዋል፤ በቤተ ሙከራ ግን ሁለተኛው እጥበት መርዝ ካሳየ የመጀመሪያው ውጤት ጎዶሎ ነበር ማለት ነው።