ያልፈላ ወተትና የኮህ ስህተት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1901 ለንደን ላይ በተካሄደ የሳንባ ነቀርሳ ጉባኤ ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ ያልተጠበቀ ነገር ተናገሩ። የላም ነቀርሳ ለሰው ያን ያህል አያሰጋም፤ ወተቱን ለመቆጣጠርም መድከም አያስፈልግም አሉ። ተናጋሪው ተራ ሰው አልነበሩም፤ የነቀርሳን ተህዋስ በ1882 ያገኙት እሳቸው ናቸው። ቢሆንም እንግሊዞች ቃላቸውን እንዳለ አልተቀበሉም። አጣሪ ኮሚሽን አቋቁመው ለ10 ዓመት ያህል አስመረመሩ፤ ኮህም ተረቱ። የላሚቱ ነቀርሳ በወተት አማካይነት ሰውን፣ ይልቁንም ሕፃናትን ይይዛል።

ተህዋሱ ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ ይባላል። በበረት ውስጥ ከላም ወደ ላም የሚሄደው በአብዛኛው በትንፋሽ ሲሆን ወደ ሰው የሚገባው ግን ብዙውን ጊዜ ባልፈላ ወተት ነው። ስለዚህም ሳንባን ትቶ የአንገት ዕጢን ወይም አንጀትን ሊያጠቃ ይችላል። ከአራቱ ዋና ዋና የነቀርሳ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ፒራዚናማይድም አይነካውም። ክፋቱ፣ የታመመች ላም ለረጅም ጊዜ ጤነኛ መስላ ትታለባለች።

በአዲስ አበባና አካባቢዋ ባሉ የወተት ላሞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በሽታውን በብዛት አግኝተውታል። ብዙ ወተት የሚሰጡት የሆልስታይን ዲቃላዎች ከአገሬው ዝርያ ይበልጥ ይጋለጣሉ፤ በጠባብ በረት ተፋፍገው መዋላቸውም አለ። እዚህ ላይ ግን ማጋነን አይገባም። በኢትዮጵያ ሰውን የሚያጠቃው ነቀርሳ በአብዛኛው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ነው።

የታመመችው ላም የምትለየው ቱበርኩሊን በተባለ ፈሳሽ ነው። ቆዳዋ ላይ ይወጋና ከሦስት ቀን በኋላ እብጠቱ ይለካል። ይህን ፈሳሽ ኮህ በ1890 የነቀርሳ ፈውስ ነው ብለው አቅርበውት ነበር፤ አላዳነም፤ ለምርመራ ግን በጀ። ችግሩ ያለው ከምርመራው በኋላ ነው፦ ካሳ የማያገኝ አርቢ የምትታለብ ላሙን አስወግድ ቢባል እሺ አይልም።

የሚገርመው፣ ልጆች ሲወለዱ ክንዳቸው ላይ የሚወጉት የቢሲጂ ክትባት የተሠራው ከዚሁ ከላም ተህዋስ ነው። ካልሜትና ጌረን የተባሉ ፈረንሳውያን ተህዋሱን ለ13 ዓመት፣ ለ230 ጊዜ እያዛወሩ በማራባት አዳከሙት፤ በ1921 ፓሪስ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕፃን ተሰጠ።

ወተት በ72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ሰከንድ ከሞቀ ተህዋሱ ይሞታል። ላሞችን የሚያስወርደውና ሰውን በትኩሳትና በመገጣጠሚያ ሕመም የሚያሠቃየው ብሩሴላም አብሮ ይጠፋል። በቤት ቴርሞሜትር ስለማይኖር ወተቱን ገንፍሎ እስኪወጣ ማፍላት ይበቃል። መርጋት ብቻውን ተህዋሱን ለመግደል አያስተማምንም፤ እርጎ የሚወድ ሰው ወተቱን አስቀድሞ ያፍላ፣ ያቀዝቅዝ፣ ከዚያ በእርሾ ያርጋ።