ዓይን ውስጥ የሚገባው ሌንስ ልኩ እንዴት ይታወቃል?

«ልጄ መነጽሯን ትታ ዓይኗ ውስጥ ሌንስ ላስገባ አለችኝ። ልኳ ባይሆንስ?» ሲሉ አንዲት የአዳማ እናት ጠየቁኝ። የእናት ስጋት ነው ብዬ አላለፍኩትም። የዓይን ሐኪሞችም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ደጋግመው የሚያስቡበት ይህንኑ ነው።

በቅድሚያ ሁለት ሕክምናዎችን እንለይ። አያቶች በብዛት የሚያውቁት የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምናን ነው። በዚህ ሕክምና የደፈረሰው የተፈጥሮ ሌንስ ይወጣና ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው በኢትዮጵያ ከዓይነ ሥውርነት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው በዓይን ሞራ ነው። ልጅቷ የፈለገችው ግን ሌላ ነው። የተፈጥሮ ሌንሷ ሳይነካ፣ ስስና ተጣጣፊ ሌንስ ባለ ቀለሙ የዓይን ክፍል ከሆነው ከአይሪስ ጀርባ ይቀመጥላታል።

በሁለቱም ልኬት ወሳኝ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲተክሉ፣ ሌንሱ ከሚገባው በላይ ጉልበት ስለነበረው ታካሚዋ ሩቁን ለማየት ተቸግራ ነበር።

ለወጣቶቹ በሚገባው ሌንስ ከጉልበቱ በተጨማሪ ርዝመቱም ይመረጣል። ለቅርብ ዕይታ ችግር በሰፊው የሚሠራበት ሌንስ ከ12.1 እስከ 13.7 ሚሊ ሜትር በአራት መጠን ይመጣል። ከክፍሉ የሚሰፋ ምንጣፍ ሲነጠፍ መሃሉ እንደሚያብጥ ሁሉ፣ የረዘመ ሌንስም መሃሉ ወደ ፊት ይጎብጣል። ያጠረው ደግሞ ወደ ተፈጥሮ ሌንሱ ይጠጋል። ሐኪሞች በሁለቱ ሌንሶች መካከል ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት እንዲኖር ይፈልጋሉ። ክፍተቱ ሲበዛ አይሪስ ተገፍቶ የዓይን ፈሳሽ መውጫ ሊጠብና የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። ሲያንስ ደግሞ የተፈጥሮ ሌንሱ ሞራ ሊያወጣ ይችላል።

ችግሩ የሌንሱ ጫፎች የሚያርፉበት ቦታ ከአይሪስ ጀርባ የተደበቀ መሆኑ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚለካው ከፊት የሚታየው የኮርኒያ ስፋት ነው። በብርሃን የሚሠሩ መሣሪያዎች አይሪስን አልፈው ስለማያዩ፣ የተደበቀውን ቦታ ለማየት አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። የኮርኒያቸው ስፋት እኩል የሆነ ሁለት ወጣቶች አንድ ዓይነት ሌንስ ገብቶላቸው ክፍተታቸው ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ የዓይኑን የፊት ክፍል ጥልቀት ይጨምርና ከቀደሙ ታካሚዎች ልኬት የተሠሩ ቀመሮችን ይጠቀማል። ውጤቱ ጥሩ ግምት ነው፤ ማረጋገጫው ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚደረገው ምርመራ ነው። ልክ ካልሆነ ሌንሱ ሊወጣ ወይም ሊቀየር ይችላል፤ ያ ግን ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው።

ወላጆች ከመስማማታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ልጁ 21 ዓመት ሞልቶታል? የመነጽሩ ቁጥር ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሳይለወጥ ቆይቷል? የዓይኑ የፊት ክፍል ጥልቀት 3 ሚሊ ሜትር ይደርሳል? የሌንሱ መጠን በምን ልኬት ተመረጠ? ልክ ባይሆን ማን ይቀይረዋል፣ ወጪውስ በማን ላይ ነው?

ከባቱ፣ ከመቂ ወይም ከሻሸመኔ ርቃችሁ የምትታከሙ ከሆነ ለክትትል የምትመላለሱበትን ገንዘብና ጊዜ አስቀድማችሁ ያዙ። ክፍተቱ የሚለካው በክትትል ነውና «ደህና አየሁ» ብሎ መቅረት አይገባም። ውጭ አገር የሚታከም ካለ፣ የሌንሱን መጠንና የልኬቱን ውጤት የያዘ ወረቀት ይዞ ይምጣ፤ እዚህ የሚከታተለው ሐኪም ያስፈልገዋል።

የአዳማ ነፋስና አቧራ ዓይን ማሳከኩ አይቀርም፤ ቢሆንም የታከመ ዓይን አይታሽም። ከባድ ሕመም፣ ማቅለሽለሽ ወይም ድንገተኛ የዕይታ መደብዘዝ ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያኑ ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ሂዱ። ሌንሱ መነጽርን ይተካል እንጂ ከመጠን በላይ የረዘመን ዓይን አያሳጥርም። ስለዚህ መነጽሩን ያወለቀ ልጅም ሬቲናውን በየዓመቱ ማስመርመር አለበት።